ከስሩ ሲሚንቶ አለ

መጋቢት 24

እማማ፣

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ አምስት ቀን ሆነው። ያዘገየሁት ንቄ ወይም ረስቼ አይደለም፤ ወረቀት አወጣና መልሼ አስቀምጣለሁ። ይቅር ይበሉኝ። ልብዎ እንዴት ናት? መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ። ሐኪሙ «ድንጋጤ እንዳይነካቸው» ያለውን እኔም አልረሳሁትም።

ልጅዎ ደህና ነው ወይ ላሉኝ፣ ደህና ነው። የሳሙና ፋብሪካው አዲስ ማሽን አስገብቶ የኤሌክትሪክ ሠራተኞቹን ፋታ አሳጥቷቸዋል፤ ብዕር ያልጨበጠው ለዚህ ነው። ሰላም ብሎዎታል፤ እጅዎን ይስማል።

ደህና ያልሆነው ሙዙ ነው። ከእናቱ ገንጥለው በጆንያ ጠቅልለው የሰጡንን ችግኝ ልጅዎ እንደተመለስን እሁድ ዕለት ተከለው። እኔ የተማሪ ዩኒፎርም ትእዛዝ ደርሶብን ስፌት ቤት ነበርኩ። ስመለስ ተተክሎ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ልጅዎም አጠገቡ ቆሞ ልጅ እንደተወለደለት ሰው ሲጎርር አገኘሁት። አሁን ቅጠሎቹ እንደ እርጥብ ካልሲ ተንጠልጥለዋል። የታችኛው ቢጫ ሆኗል፤ የሁለተኛው ጠርዝ እሳት የላሰው ይመስላል። በቀን ሦስት ጊዜ አጠጣዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ስነካው አንዱ ቅጠል ተገንጥሎ እጄ ላይ ቀረ። ደንግጬ ስጮህ ጎረቤቴ እባብ መስሏት ዱላ ይዛ ወጣች።

ምን ላድርግ እማማ? እዚህ ቤት ሌላ ነገር እንዲጠፋብኝ አልፈልግም።

ሌላ ያልኩት አምና የደረቀችብኝን ጽጌረዳ ነው።

ምራትዎ


ሚያዝያ 1

ለልጄ ሚስት፣ ለልጄ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጆሮዬ ስልክ አልሰማም ካለ ወዲህ ዓይኔ የሁለት ሰው ሥራ ነው የሚሠራው። ልቤን ተያት፣ እሷ እኔን ትቀብራለች። ልጄ እጄን መሳሙ ደስ ብሎኛል። ያን ያህል ሥራ በዝቶበት ለዚህ ጊዜ ማግኘቱ ይገርማል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቤትሽ የሚመጣ እንግዳ ሰው አለ? ከፋብሪካ ወይ ከሌላ ቦታ? እንዲያው ነው፤ አሮጊት ወሬ ትወዳለች።

በቀን ሦስት ጊዜ! ልትተክዪው ነው ልታሰጥሚው? ሠላሳ ዓመት ችግኝ ጣቢያ ስሠራ በጥም ከሞተብኝ በፍቅር የሞተብኝ ይበልጣል። ችግኙ ሥሩ ተቆርጦ ነው የመጣው፤ የሚጠጣበት አፍ የለውም። ቅጠሉ ደግሞ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ያለችውን ውሃ ያተንናታል። ስለዚህ የተንጠለጠሉትን ሁሉ ከግንዱ ጠጋ ብለሽ ቁረጪ። ደህና የሚመስሉትንም ከግማሻቸው ቁረጪ። አትዘኚለት። መሃል ላይ እንደ ጥቅል ወረቀት የቆመችውን ብቻ እንዳትነኪ፤ ነፍሱ እሷ ናት።

ከፀሐይ በአሮጌ አንሶላ ጋርጂው። ዙሪያውን ደረቅ ሣር አልብሺ፤ ሣሩ ግንዱን አይንካ። ጣትሽን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ከተሽ ደረቅ ከሆነ ብቻ አጠጪ። ፍግ አሁን አይደለም። የታመመ ሰው ጮማ አይቆርጥም።

ለባልሽ አይዞህ በዪው።

እናትሽ


ሚያዝያ 7

እማማ፣

ማንም አይመጣም። ማን ይመጣል? ለልጅዎ «አይዞህ» ያሉትን ነግሬዋለሁ፤ አመስግኗል።

እንዳሉኝ ቅጠሎቹን በልብስ መቀሴ ቆረጥኳቸው። ሲያልቅ የቆመውን ሳየው የላባ ብዕር መሰለኝ። አንሶላውንም ጋረድኩ፤ ሣሩንም አለበስኩ።

ግን እማማ፣ ውሃ ከተውኩ ሦስት ቀኔ ነው፤ ጣቴን ስከት አሁንም ጭቃ ይዞ ይወጣል። ዝናብ አልዘነበም። ግንዱ ከታች በኩል ሲጫኑት እንደ በሰለ ቲማቲም ገባ ገባ ይላል፤ ይሸታልም። የጥቅሏ ጫፍ ጠቁሯል። አንድ ቀን ባደረ ቁጥር ሲብስበት አያለሁ። ምን አጠፋሁ?

ትናንት ልጅዎ አይቶት «ተስፋ አትቁረጪ» ብሎኛል።

ምራትዎ


ሚያዝያ 14

ልጄ፣

ሰላምታውን ኋላ አደርሰዋለሁ። ከስሩ ሲሚንቶ አለ።

የድሮ ልብስ ማጠቢያ ወለል ነው፤ አፈር ተደፍቶበት ነው እንጂ። ጉድጓዱ ከአንድ ክንድ አላለፈም፤ ውሃው መሄጃ አጥቶ ሥሩን እየቀቀለው ነው። ነገሩን አላወቅሽም እንጂ ያጠፋሽው የለም። ነገ ዛሬ ሳትዪ አውጪው። ወደ በሩ በኩል ሦስት እርምጃ ራቅ ብለሽ ትከዪው፤ እዚያ አፈሩ ይጠልቃል።

ስታወጪው ሥሩን በስለት አጽጂ፤ ጥቁሩ ይሂድ፣ ነጩ ይቅር። ከዚያ ግንዱን ከጉልበትሽ ዝቅ ብለሽ ሰያፍ ቁረጪው። አዎ፣ ግንዱን። እንደምትደነግጪ አውቃለሁ፤ የመጀመሪያ ጊዜ ሲያሠሩኝ እኔም አለቃዬ ያበደ መስሎኝ ነበር። የተቆረጠውን ፊት እዪ። መሃሉ ነጭና እርጥብ ከሆነ ይኖራል። ቡናማ ከሆነና ከሸተተ አልቅሰሽለት ሌላ እሰጥሻለሁ።

ዛሬ በጣም ደስ ብሎኛል። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ።

እናትሽ


ሚያዝያ 20

እማማ፣

ሲሚንቶው አለ።

መቆፈሪያው ቋ ብሎ ሲቆም እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። አፈሩን በእጄ ጠረግኩት፤ ግራጫ ወለል፣ መሃሉ ላይ የተደፈነ የውሃ መውረጃ ቀዳዳ ያለው። አከራያችንን ጠራኋቸው። «ይሄ ከተደፈነ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ለአንቺ ማን ነገረሽ?» አሉኝ።

ማን ነገረኝ፣ እማማ? እርስዎ ይህን ግቢ ረግጠውት አያውቁም። እኔ ያን እሁድ ቤት አልነበርኩም፤ ባሌም ስለ ሲሚንቶ ትንፍሽ አላለኝም። እዚህ ጉድጓድ ቆፍሮ ያየ ሰው በዓለም ላይ አንድ ነው።

እርስዎ ዘንድ ነው።

የእኔን ውሸት ልናዘዝ። ልጅዎ ከመጋቢት 8 ጀምሮ ቤቱ የለም። ሙዙን በተከለ በሦስተኛው ቀን ሥራ ሄደ፤ አልተመለሰም። ፋብሪካው ውስጥ አደጋ ደርሶ ደንግጦ እንደወጣ ነው የነገሩኝ፤ ዝርዝሩን ለልብዎ ፈርቼ አሁንም አልጽፈውም። «ሰላም ብሎዎታል»፣ «እጅዎን ይስማል»፣ ሁሉም ከራሴ ነው። «ልጄ ደህና ነው ወይ?» ብለው ሲጽፉልኝ እርስዎ ዘንድ እንደሌለ በዚያ አረጋገጥኩ። ከዚያ በኋላ ያልፈለግሁበት የለም፤ ሆስፒታል፣ ጣቢያ፣ ይቅር ይበለኝና የአስከሬን ክፍል። እርስዎ ግን ስለ ሣር ይጽፉልኝ ነበር።

ሙዙን ነቅዬ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ ባልዲ ውስጥ አቁሜዋለሁ። መልስዎ ሳይደርሰኝ አልተክለውም።


ሚያዝያ 26

ልጄ፣

መጀመሪያ ሙዙን ትከዪ። የእኔን ጥፋት በችግኝ ላይ አትወጪው። ሂጂ፣ ትከዪው፣ ቁረጪው፣ እጅሽን ታጠቢና ተመልሰሽ አንብቢ።

ተከልሽው?

አዎ፣ እኔ ዘንድ ነው።

መጋቢት 12 ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ ልብስ አስጥቼ ዞር ስል በሩ ላይ ቆሞ አየሁት። የሥራ ቱታውን እንደለበሰ። አራቱን ቀን የት እንደሰነበተ እስከ ዛሬ አልነገረኝም፤ የጫማው አፍ ግን ተከፍቶ ነበር። «ምነው ልጄ?» ስለው «ፌንጣን ገደልኩት» አለኝ።

ጓደኛውን። መሰላል ላይ ሲዘል ጊዜ ፌንጣ ያሉትን፣ ልጄን ዔሊ እያለ የሚያሾፍበትን፣ አምና አብሮት መጥቶ ጣሪያዬን ያበጀልኝን ያን ሳቂታ። ፎርማኑ ከታች «ወርዷል፣ አብራው» ብሎ ጮኸ፤ ልጄ ማብሪያውን ጫነ፤ ፌንጣ ለካ ላይ ነው። ሲወድቅ አየው። ዘበኛው ኮቱን አውልቆ ሲያለብሰው አየ። «አለቀ» ሲሉ ሰማ። ከዚያ ወዲያ እግሩ ነው ይዞት የሄደው።

«ለማንም ብትናገሪ፣ ለእሷም ቢሆን፣ የማታገኚኝ ቦታ እሄዳለሁ» አለኝ። በአባቱ አጥንት አስማለኝ፤ ማልኩ። ከዚያ አፉን ዘጋ። ትበላለህ? አዎ። ይጨመር? አይ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል። «ልጄ ደህና ነው ወይ?» ብዬ የጻፍኩልሽ ፖሊስ መጥቶ እንደሆነ ከመልስሽ ለማወቅ ነበር። አንቺ ደግሞ «እጅዎን ይስማል» ብለሽ መለስሽልኝ። እጄን ይስማል የተባለው ሰው ከመጋረጃው ወዲያ ተኝቷል፤ እኔ ደብዳቤውን ይዤ ልሳቅ ላልቅስ ጠፋኝ። እሷም አውቃ እየሸሸገችው ይሆናል ብዬ በልቤ አመሰገንኩሽ። እንደማታውቂ፣ የአስከሬን ክፍል ድረስ እንደሄድሽ፣ እንዴት ልገምት?

ሙዙ ሸተተ ያልሽበትን ደብዳቤ ጮክ ብዬ ነበር ያነበብኩት፤ ደንቆሮ ሁሌም ጮክ ብሎ ነው የሚያነበው። ጨርሼ መነጽሬን ሳወልቅ ከአጠገቤ ቁጢጥ ብሏል። በደህናው ጆሮዬ በኩል ተጠግቶ «ከስሩ ሲሚንቶ አለ» አለኝ። ሠላሳ ቀን ያልተናገረ ልጅ! ያበደ መስሎኝ ክው አልኩ። እሱ ግን በእጁ እየለካ፣ ወለሉ የት እንደሚያልቅ፣ አፈሩ የት እንደሚጠልቅ አሳየኝ። «ጊዜ ሳገኝ አዛውረዋለሁ ብዬ ነበር» አለ። ከዚያ ተመልሶ ተኛ። በደስታ ብዛት እጄ መሐላውን ረስቶ ጻፈው።

ካወቅሽው ወዲያ ምን እሸሽጋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ፌንጣ የተቀበረው የት ነው? እናቱ አለች? ሄጄ እግሯ ላይ ልውደቅ።

እናትሽ


ግንቦት 1

እማማ፣

ይህን ቁጭ ብለው ያንብቡት። መድኃኒትዎን ውጠዋል?

ፌንጣ አልሞተም።

ደግሜ ልጻፈው። ፌንጣ በሕይወት አለ። «የተቀበረው የት ነው?» የሚለውን ሳነብ ደብዳቤው ከእጄ ወደቀ። የእኔ ባል ሃምሳ ቀን ሙሉ የሚያለቅሰው ለማን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ከድንጋጤ ብዛት መሸሹን እንጂ ለምን እንደማይመለስ አላወቅሁም ነበር፤ እኔን የጠላኝ መስሎኝ ነበር፣ እማማ።

ዘበኛው ኮቱን ያለበሰው ብርድ እንዳይመታው ነው። «አለቀ» ያሉትም እውነታቸውን ነበር፤ ትንፋሽ አልነበረውም። ከዚያ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ሰዉን ገፍታ ገባችና ደረቱን በሁለት እጇ ትደቃው ጀመር። አምቡላንሱ ሲደርስ ይተነፍስ ነበር። አርባ አንድ ቀን ሆስፒታል ተኛ። ቀኝ እጁን ከክርኑ በታች ቆረጡት። ስድስት ሸሚዞቹን አምጥቶልኝ የቀኝ እጅጌያቸውን ያሳጠርኩለት እኔ ነኝ። ሦስቱ ነጭ፣ ሁለቱ ሰማያዊ፣ አንዱ ባለ መስመር። በሄድኩ ቁጥር «እሱስ?» ይለኛል፤ «አሞት ተኝቷል» እለዋለሁ። ለእሱም ዋሽቻለሁ።

ለመርማሪዎቹ የሰጠውን ቃል ራሱ ነግሮኛል፦ «ወርጄ ነበር። ፒንሳዬን ረስቼ ለማንም ሳልናገር ተመልሼ ወጣሁ።» ባሌን የሚከስ የለም። ማንም አይመጣም ያልኩዎት ግን ውሸት ነው፤ ሁለት ጊዜ መጥተው ለምስክርነት የሚጠራ ወረቀት ጥለውልኛል።

አንዳችን፣ እኔ ወይ እርስዎ፣ አንድ እውነተኛ መስመር ብንጽፍ ኖሮ ይህ ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ያልቅ ነበር። እኔ ለልብዎ ብዬ፣ እርስዎ ለመሐላ ብለው።

ሙዙን ተክዬዋለሁ። ግንዱን ስቆርጠው ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ስገልጥ መሃሉ እንደ ወተት ነጭ ነው። በማግስቱ ጠዋት ሳየው ከተቆረጠው ፊት መሃል አንዲት ነጭ ቡቃያ ወጥታለች። አላመንኩም፤ በልብስ መለኪያ ሜትሬ ለካኋት፤ ሁለት ጣት! ትናንት የገደልኩት የመሰለኝ ነገር!

አሁኑኑ ያንብቡለት።

ምራትዎ


ግንቦት 6

ልጄ፣

ፌንጣ አልሞተም የሚለው ጋ ስደርስ አቆምኩ። ውሃ ጠጥቼ ደግሜ ጀመርኩ። ልቤ አልፈነዳችም፤ እንዲያውም እንደ ወጣት ልብ ነው የደለቀችው። አንብቤለት ጨረስኩና ፊቱን አየሁት። ይጮኻል፣ ያለቅሳል፣ ይነሳል ብዬ ነው። እሱ ግን ደብዳቤውን ተቀብሎ በዝግታ አነበበው፤ አጠፈው፤ መለሰልኝ።

«ውሸቷን ነው» አለ።

«ምን?»

«እሱ ሰላም ብሎዎታል ብላ የምትጽፈው ማን ናት? በእኔ ስም ስንት ጊዜ እጅሽን ሳመች? ትናንት እኔን እቤቷ አስቀምጣኝ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ እንድመለስላት ብላ ፌንጣን ከመቃብር አስነሳችው።» ይህን ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ መለሰ።

ምን ብዬ ልመልስለት? ውሸትሽን ሁሉ ጮክ ብዬ ያነበብኩለት እኔ ነኝ። እውነቱ ሲመጣ ጆሮው ሞልቶ ጠበቀው። እኔ ግን አምኜሻለሁ፤ ያመንኩሽ በሸሚዞቹ ነው። ዋሾ ሰው ባለ መስመሩን አይቆጥርም።

እሱ የሚያምነው ነገር ላኪልን። ቃል ሳይሆን ነገር።

ሙዙ አንድ ቅጠል ቢዘረጋ እንዳትታለዪ፤ የመጀመሪያዋ ቅጠል የምትወጣው በድሮ ስንቁ ነው። ሁለተኛዋ ስትዘረጋ ሥር ይዟል ማለት ነው። ያን ጊዜ የበሰበሰ ፍግና አንድ እፍኝ አመድ ከግንዱ ክንድ አርቀሽ በዙሪያው አፈሩ ላይ በትኚለት። ከነፋስ ጠብቂው፤ መነቅነቅ አዲሱን ሥር ይበጥሰዋል።

እናትሽ


ግንቦት 10

እማማ፣

ለፌንጣ እውነቱን ነገርኩት። ልጅዎ ሞተሃል ብሎ እንደሚያምን ስነግረው ወረቀት አምጪ አለኝ። አንድ ሰዓት ፈጀበት። እንዳለ ልኬዋለሁ፦

«አንተ ዔሊ፣ በግራ እጄ ነው የምጽፍልህ፤ አትሳቅ። ቀብሬ ላይ አልተገኘህም ብዬ ልቀየምህ ነበር፤ ለካ እኔም አልተገኘሁም። የዕቃ ሳጥናችንን ቁልፍ ይዘህ ነው የጠፋኸው፤ በቱታህ በግራ ኪስ ነው፤ ቀይ ሽቦ ያሰርኩበት። ሰብረው ሊከፍቱት ነው። አምጣ። ፌንጣ»

ሁለተኛዋ ቅጠል ተዘርግታለች።

ምራትዎ


ግንቦት 14

ልጄ፣

ጽሑፉን ሲያይ መጀመሪያ ሳቀ፤ ሳቁን ረስቼው ስለነበር ደነገጥኩ። ከዚያ ቱታውን አውርዶ ግራ ኪሱን ዳበሰ። ቁልፉ፣ ከነ ቀይ ሽቦው። መሬት ላይ ዘጭ አለ። ምን ያህል እንደቆየ አልነግርሽም፤ የእናት ዓይን ያየውን ሁሉ አይጽፍም።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ እሱ ነው። አትጩኺበት አልልሽም፤ ጩኺበት። ግን መጀመሪያ አብዪው።

እናትሽ


ግንቦት 20

እማማ፣

ትእዛዝዎን በቅደም ተከተል ፈጽሜያለሁ፤ አበላሁት፣ ከዚያ ጮኽኩበት።

በሩን ሲያንኳኳ አከራያችን መስለውኝ ከፈትኩ። ሁለት ወር ሙሉ የምለውን ሳጠና ነበር፤ ሳየው ሁሉም ጠፋብኝ። «ቁልፍ የለህም እንዴ?» ነው ከአፌ የወጣው። ደብዳቤዎን ሰጠኝ። ከስቶ ግማሽ ሆኗል፤ ሱሪውን በሁለት ጣት አጠበብኩለት። ገና አልታረቅንም። «ፌንጣን ስለገደልክ ሸሸህ፤ እኔን ለምን ገደልከኝ?» ብዬዋለሁ። ለእርስዎ ያለኝንም በአካል ስመጣ እነግርዎታለሁ፤ በደብዳቤ ብዙ ተበላሽተናልና። እርስዎም ለእኔ ያለዎትን ያስቀምጡልኝ።

ሙዙ አራት ቅጠል ይዟል። ፍጉንና አመዱን እንዳሉኝ አርቄ በተንኩ። አራተኛዋ ከሦስተኛዋ ትሰፋለች።

ግንቦት 16 ቀን ፌንጣ ቤት ወሰድኩት። በሩን ፌንጣ ራሱ በግራ እጁ ከፈተ። ልጅዎ ፊቱን ማየት አልቻለም፤ ዓይኑ ያሳጠርኩት እጅጌ ላይ ተተክሎ ቀረ። የሚወድቅ መስሎኝ ክንዱን ያዝኩት። «ይቅ...» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም።

«ማብሪያውን ተወው» አለ ፌንጣ። «እሱ የእኔና የፒንሳዬ ጉዳይ ነው። ዛሬ ስልሳ ስምንት ቀን ነው። አርባ አንዱን ሆስፒታል ነበርኩ፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር አንተ ነህ ብዬ ቀና እል ነበር። እሱስ የማን ጥፋት ነው?»

ልጅዎ «የእኔ» አለ። ሰበብ አልደረደረም። በዚህ ደስ አለኝ።

ቁልፉን ሰጠው። ፌንጣ ተቀብሎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ አልጋው ላይ ተቀመጠና ከስር በእግሩ ጫማ ጎትቶ አወጣ፤ ባለ ማሰሪያውን የሥራ ጫማ። «ከወጣሁ ጀምሮ በነጠላ ጫማ ነው የምንቀሳቀሰው። ሚስቴ ላስርልህ ስትለኝ እምቢ አልኳት» አለና እግሩን ዘረጋ። «ና፣ እሰር።»

ልጅዎ ተንበረከከ። ሽቦ በጨለማ የሚያገናኝ እጅ የጫማ ማሰሪያ አቃተው። አንዴ ሲያስር ተፈታ፤ ደግሞ አሰረ፤ ጠመመ። እኔ ዓይኔን ወደ መስኮት አዞርኩ።

«ጠበቅ አድርገው ዔሊ፤ ሩቅ ነው የምንሄደው።»

«የት?»

«ፋብሪካ። ሥራ እንሰጥሃለን፣ ና ብለው ሦስት ጊዜ ጠርተውኛል። ሦስቴም በሩ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ።» ድምፁ ዝቅ አለ። «መግባት ፈራሁ። ለማንም አልተናገርኩም።»

እማማ፣ የዚያን ሰው ፍርሃት መስማት ከሁሉም በላይ አስደነገጠኝ። ልጅዎም ቀና ብሎ አየው፤ የዚያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አየው። «እኔም» አለ።

ሁለተኛውን ጫማ አሰረለት። ይዞ አነሳው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። በመንገዱ ጥግ፣ በዝግታ ሲሄዱ፣ አንዱ ቆም ሲል ሌላውም ቆም ሲል፣ እስኪታጠፉ ድረስ አየኋቸው።

ምራትዎ